ለጥርስ ማፋጨት የተበጠበጠ ኮሶ

ልጄ ጥርሷን ስታፋጭ ቤት ውስጥ ጠጠር የሚፈጭ ሰው ያለ ይመስላል። መዋዕለ ሕፃናት ከገባች ወዲህ የጀመራት ነው። ከትምህርት ቤት ትመጣለች፣ ምሳዋን ትበላለች፣ ሶፋው ላይ ጋደም ትላለች፤ ዓይኗ ከመከደኑ ቂጭ፣ ቂጭ፣ ቂጭ። ስድስት ዓመቷ ነው፤ የፊት ጥርሶቿ መነቃነቅ የጀመሩት በቅርቡ ነው። በዚያች ትንሽ አፍ ውስጥ ያ ሁሉ ድምፅ ከየት እንደሚወጣ እኔን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ነገሩን በሆዴ ይዤው ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር። ግን ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ልብስ የምሸጥ ሴት ነኝ። ሰው ብርዱ ሲያባርረው ሱቄ ይገባል፣ የማይገዛውን ብርድ ልብስ ይዳብሳል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ "ኧረ ውድ ነው" ይላል፣ ከዚያ እዚያው ቆሞ ይሞቃል። ቆሞ የሚሞቅ ሰው ደግሞ ወሬ ይፈልጋል። አንድ ቀን ሳላስበው "ልጄ ጥርሷን እያፋጨች አስቸገረችኝ" አልኩ። ከዚያ በኋላ ሱቄ ውስጥ ሐኪም ያልሆነ ሰው ጠፋ።

"ወስፋት ነዋ" አለች አጠገቤ ጫማ የምትሸጠው ጎረቤቴ፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ። "ወስፋት ነው" አለ ልጄን ከትምህርት ቤት የሚያመላልሳት የባጃጅ ሹፌር። አንዷ የዱባ ፍሬ አዘዘችልኝ፣ ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ሌላው ፌጦ። ከአልዩ አምባ እየመጡ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚወስዱ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ብቻ ወስፋት የሚለውን ስም አልጠሩም። "ጥቁር አዝሙድ ስጫት ልጄ፤ ከሞት በስተቀር ለሁሉም መድኃኒት ነው። የቀረውን አላህ ያውቃል" አሉኝ። የማያውቁት ነገር እንዳለ ያመኑት እሳቸው ብቻ ናቸው።

እኔ ደግሞ የተነገረኝን ዝም ብዬ የምቀበል ሰው አይደለሁም። እናቴ በሕይወት ሳለች "አንቺ እኮ መቃብር አፍ ላይም ቆመሽ ትከራከሪያለሽ" ትለኝ ነበር። ስለዚህ ጫማ ሻጯን ጠየቅኋት። "ትሉ ያለው ሆድ ውስጥ ነው፣ ጥርሱ ያለው አፍ ውስጥ ነው፤ ምን አገናኛቸው?"

"ትሉ ሲበላ እሷም አብራው ታኝካለቻ" አለችኝ።

ትምህርት ቤት የትል ክኒን የታደለ ጊዜ ልጄም ከጓደኞቿ ጋር ተሰልፋ ዋጠች፤ ጎበዝ ተብላ ተጨበጨበላት። ከሰዓት በኋላ መጥታ ሶፋው ላይ ጋደም አለች፤ ማፋጨቱ እንደነበረ ነው። "አንድ ክኒን ምን ልታደርግ" አሉ የሱቄ ሐኪሞች።

ቤት ውስጥ ደግሞ የባሰ ሐኪም ነበረኝ። አባቴ ከእኛ ጋር መኖር የጀመሩት እናቴ ካረፈች በኋላ ነው። አንኮበር ገደሉ አፋፍ ላይ ተወልደው፣ እዚያው አርሰው፣ እዚያው ያረጁ ሰው ናቸው፤ ደብረ ብርሃንን "ይሄ ሜዳ" ነው የሚሏት፣ ትንሽ ንቀት ቀላቅለው። ባለቤቴ ከአረርቲ ጤፍ የሚጭን ሹፌር ስለሆነ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው። ቤቱን የምናስተዳድረው እኔና አባቴ ነን፤ እኔ በአፌ፣ እሳቸው በዝምታቸው። እኔ ሱቅ ስውል ልጄን የሚጠብቋት እሳቸው ናቸው። እሷ "አባባ" እያለች አንተ ትላቸዋለች። እኔ ይህን ዕድሜ ይዤ አልደፈርኩትም።

አባቴ የማይለቁት አንድ ሥርዓት አላቸው፤ ሳይቀምሱ ለሰው አይሰጡም። ድሮ ጠላ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር፤ መርዝ የለበትም፣ ካለበትም እኔን ያስቀድመኝ ማለት ነው። ይህ ወግ ብዙ ቤት ቀርቷል፤ እኛ ቤት ግን አልቀረም። የታሸገ ለስላሳ ከፍተው መዳፋቸው ላይ ጠብ ያደርጋሉ። ከቧንቧ የቀዱትን ውሃ እንኳ ጠብ። ልጄን ጉንፋን ይዟት የሳል ሽሮፕ የታዘዘላት ጊዜ ቀመሱና "ይጣፍጣል፤ ይሄ መድኃኒት አይደለም" ብለው ፈረዱበት። እሳቸው ዘንድ ያልመረረ ነገር አያድንም።

በመጨረሻ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት አልኩ። አባቴም "እኔም እመጣለሁ" ብለው ጋቢያቸውን ደረቡ። ላብራቶሪው ለሰገራ ምርመራ ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ሰጠን። ልጄ የጤና ጣቢያውን ሽንት ቤት በሩ ላይ ቆማ አየችና "እኔ እዚህ አልችልም" አለች። አልተፈረደባትም። ባጃጅ ይዘን ቤት ተመለስን፣ ሾርባ አጠጣናት፣ ተረት ነገርናት፣ ለመንናት፤ ሐሳቧን የቀየረችው እኛ ተስፋ ቆርጠን ስለ ሌላ ነገር ማውራት ስንጀምር ነው። አባቴ ዕቃዋን እንደ እንቁላል በጋቢያቸው ውስጥ ደብቀው ያዟት። የባጃጁ ሹፌር በመስተዋቱ እያየ "አባት፣ ምን ይዘው ነው እንዲህ የተጠነቀቁት?" አላቸው።

"የሰው አደራ ነው" አሉት።

ውጤቱ ንጹሕ ሆነ። ወስፋት የለም፣ የኮሶ ትል የለም፣ ሌላም ትል የለም። ያየችን የጤና መኮንን ለጋ ወጣት ናት፤ ፈገግታ ታበዛለች። "ብዙ እናቶች በዚሁ ጉዳይ ይመጣሉ" አለችኝ። "እውነቱን ልንገርዎት፣ ያጠኑትም ሰዎች አልተስማሙበትም። ግንኙነት አለው የሚሉ አሉ፣ የለውም የሚሉም አሉ። ትል ከተገኘ ትሉን እናክማለን፤ ማፋጨቱ ይቆማል ብዬ ግን አልምልልዎትም። ልጆች ሲጨነቁም ያፋጫሉ፣ እንዲሁም ያፋጫሉ። ብዙዎቹ ሲያድጉ ይተዉታል። በቤተሰብ የሚወርድበትም ጊዜ አለ። ከቤተሰብ የሚያፋጭ ሰው አለ?"

እኔ አባቴን አየሁ፣ አባቴ ጣሪያውን አዩ። "የለም" አልን።

አባቴ ከግቢው እስክንወጣ ታግሠው ነበር። "ትል ሞኝ መሰላችሁ" አሉ። "ሲፈልጉት ይሸሸጋል። በዚያች ክዳን ባላት ነገር ልክ ተሰፍሮ ይመጣላችኋል?" እኔም የጀመርኩትን ሳልጨርስ አላድርምና ቤት እስክንደርስ ተከራከርኳቸው። እሳቸው ግን እንደ ልማዳቸው አልተከራከሩኝም። ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ፀሐይ ሊሞቁ ተቀመጡና አጠገባቸው እንድቀመጥ በእጃቸው ጠቆሙኝ።

"ታናሽ ወንድም ነበረኝ" አሉ።

በልጅነቱ የሞተ ወንድም እንደነበራቸው አውቃለሁ፤ በምን እንደሞተ ግን ተናግረው አያውቁም። "እሱም ያፋጭ ነበር። እናቴ ሌሊት ትሰማውና ታዝናለች። ኮሶ በጠበጠችለት፤ ግን ዘግይታ ነበር። ትሉ ልቡ ደርሶ ነበር። ኮሶውን ጠጥቶ ሳይሰነብት ሞተብን።" ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። "በጊዜ ቢጠጣ ይድን ነበር። ይቺን ልጅ እንደሱ ላጣት አልፈልግም።"

ብልህ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር። እኔ ግን "አባዬ፣ የጎዳው ኮሶው ቢሆንስ? ኮሶ ለሕፃን ይከብዳል፤ ዓይን እስከ ማጥፋት የሚያደርስ ነገር ነው" አልኩ።

"እናቴ ናት የሰጠችው" አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ነገሩ እዚያ ላይ ተዘጋ፤ እራትም አልበሉ።

በሳምንቱ "የጎረቤት ተዝካር አለብኝ" ብለው በሚኒባስ ወደ አንኮበር ሄዱና በማግሥቱ ተመለሱ። እጃቸው ላይ ፌስታል ነበር። "ይሄ ምንድን ነው አባዬ?" አልኳቸው። "አበባ ነው" አሉ። አልዋሹም። ከፍቼ ባየው ቀላ ያለ፣ የደረቀ የኮሶ አበባ ነው፤ ሽታው ብቻውን ምላስ ላይ ይመራል።

እዚህ ላይ ቀልዴ አለቀ። እኔ ጠዋት ሱቅ ስሄድ ልጄ ከእሳቸው ጋር ነው የምትውለው፤ አንድ ቀን በጥብጠው ቢያጠጧት የሚከለክላቸው የለም። ፌስታሉን ብጥለውም የአንኮበር ኮሶ ዛፍ አያልቅም። አባቴ ልጄን ከዓይናቸው ብሌን አብልጠው ይወዷታል፤ የፈራሁትም ለዚሁ ነው። የማይወዳት ሰው ቢሆን ኖሮ ይረሳው ነበር።

ስለዚህ በራሳቸው ሥርዓት መጣሁባቸው። "ሳይቀምሱ አይሰጧትም አይደል?" አልኩ።

"መቼ ሳልቀምስ ሰጥቼ አውቃለሁ?"

"እንግዲያው በመዳፍ አይደለም። ሙሉውን ጠጥተው ያሳዩኝ። እስከ ማታ ድረስ ደህና ከሆኑ እንነጋገራለን።"

በዚህ ዕድሜያቸው እሺ ይላሉ ብዬ አላሰብኩም። "እሺ" አሉ፣ ወዲያው። አባቴ እንዲህ በፍጥነት የሚስማሙበት ነገር ደግ ሆኖ አያውቅምና ደነገጥኩ፤ ግን ነገሩ ከአፌ ወጥቷል።

ቅዳሜ ሆነ። አበባውን ወቅጠው፣ ነፍተው፣ እንዲያድር በውሃ ዘፍዝፈውት ነበር። ጠዋት ሁለት ኩባያ አዘጋጁ፤ ትልቁን ለራሳቸው፣ ትንሹን ለእሷ። ትንሹን በድስት ክዳን ከድነው ከመደርደሪያው አናት ላይ ሰቀሉት፤ ማንም እንዳይነካው አስጠነቀቁን። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው አማተቡና ትልቁን በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ የሆነውን ነገር ልጄ እስከ ዛሬ እንግዳ ሲመጣ እያስመሰለች ታሳያለች።

"እንዴት ነው?" አልኳቸው።

"ማር ነው" አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

ኮሶ የጠጣ ሰው ጎብኚ አይቀበልም፤ የድሮ ሰው ይህን ስለሚያውቅ "ዛሬ የሉም" ከተባለ ሳይከፋው ይመለስ ነበር። አባቴም "ሰው ቢመጣ የለም በይ" ብለው አዘዙኝ። ማልዳ ጫማ ሻጯ ወንፊት ልትዋስ መጣች። "አባትሽ ደህና ናቸው?" አለችኝ። "የሉም፣ ወጥተዋል" አልኳት፤ ይኸኔ ከሽንት ቤት በኩል "ኡህህ፣ እመቤቴ ድረሺልኝ" የሚል ድምፅ ተሰማ። ጎረቤቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ የሽንት ቤቱን በር አየች። "ሲመለሱ ሰላም በይልኝ" ብላ ወንፊቱን ይዛ ሄደች።

ረፋዱ ላይ ግን ሳቁ ጠፋ። የጠጡትን አስመለሱ፣ ደግሞ አስመለሱ። ከንፈራቸው ነጣ፤ ከሽንት ቤት ሲመለሱ ግድግዳውን ይዘው ነው። "ሐኪም ቤት እንሂድ" ብላቸው "ወንድ ልጅ ኮሶ ጠጥቶ ሐኪም ቤት አይሄድም" አሉኝ። ጨውና ስኳር በውሃ በጥብጬ በማንኪያ እያስጎነጨሁ፣ ልጄ ሎሚ እያስሸተተቻቸው ቆየን። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ይህ ገበሬ የነበረ፣ አጥንቱ የጸና ሰው ነው። ትንሹ ኩባያ ግን ለስድስት ዓመት ልጅ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል።

ከቀትር በኋላ ጋብ አለላቸው። አግዳሚው ላይ አስተኝቼ ከሱቄ ካለው ሁሉ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ደረብኩላቸው፤ ፀሐይዋም ደግ ነበረች። ልጄ ጠባቂ ነኝ ብላ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። እኔ የቆሸሸውን ሳጥብ ትንሽ ቆይታ መጣች።

"እማዬ፣ አባባ ጠጠር እየበላ ነው።"

ሄጄ ቆምኩ። ቂጭ፣ ቂጭ፣ ቂጭ። ያው ራሱ ነው፤ የልጄ ዜማ፣ በወፍራም ድምፅ። መጀመሪያ የመጣብኝ እናቴ ናት። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጆሮዋን በሻሽ ጠፍንጋ ነበር የምትተኛው፤ እኛ የአንኮበር ብርድ ነው ብለን አምነን ነበር። እግዜር ይስጣት፣ አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላለችም። ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል፤ እኛ ቤት በጥርስ ነው የሚስበው። ስልኬን አውጥቼ ቀዳሁት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ክርክሩን አሸንፌያለሁ፤ ልጄም ከኮሶ ተርፋለች።

አባቴ ሲነቁ ልጄን ጎረቤት እንድትጫወት ላክኋት። ስልኩን ጆሯቸው ሥር አድርጌ ከፈትኩላቸው።

"ይሄ የእሷ ነው" አሉ።

"የእርስዎ ነው አባዬ። አሁን፣ እዚሁ አግዳሚው ላይ።"

ደግሜ እንድከፍተው በጣታቸው ጠቆሙኝ። አዳመጡ። "ኮሶውን ጠጥቼ?"

"ጠጥተው፣ ሆድዎ ባዶ ሆኖ። ትል ወጥቷል?"

"የለም" አሉ። "ምንም አልወጣም።"

"እንግዲያው የትል ነገር አይደለማ። ያቺ የጤና መኮንን በቤተሰብ ይወርዳል ስትል አልሰማንም? ከእርስዎ ነው የወረሰችው። ምናልባት ከልጅነትዎ ጀምሮ ሲያፋጩ ኖረዋል፤ ማን ያውቃል።" አፌ ሥራውን ይዞ ነበር፤ ቀጥዬም ስለ ትንሹ ኩባያ የምናገረውን አሰናድቻለሁ።

እሳቸው ግን እየሰሙኝ አልነበረም። እጆቻቸውን እያዩ ነው።

"ከልጅነቴ" አሉ። "ከወንድሜ ጋር በአንድ አጎዛ ነበር የምንተኛው። መብራት አልነበረንም። እናቴ የሰማችው በጨለማ ነው። እኔ ወፍራም ነበርኩ፣ ጤነኛ ነበርኩ። እሱ ቀጭን ነበር። እሱ ነው አለች።"

ቀና ብለው አዩኝ።

"የማን ጥርስ ነበር የሰማችው?"

ሱቄ ውስጥም ቤቴ ውስጥም ለሁሉም ነገር መልስ ያለኝ ሴት ነኝ፤ ለዚህም ነበረኝ፣ ምላሴ ላይ ነበር። አሮጌ ፊታቸውን አየሁና አልቻልኩም።

"የእሱ ነው አባዬ" አልኩ። "እናት በጨለማም ቢሆን ልጇን አትስትም። የእሱ ነው። ትል ነበረበት፤ ኮሶው ዘግይቶበት ነው የሞተው። እርስዎ እንዳሉት ነው።"

ብርድ ልብሱን ከላያቸው ገፈፉ።

"አንቺ ልጅ" አሉ በመጨረሻ፣ "በዕድሜሽ አንድ ቀን እውነትዎን ነው ብለሽኝ አታውቂም።"

ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። ላግዝዎት ብል በእጃቸው ከለከሉኝ። ከመደርደሪያው ትንሹን ኩባያ አውርደው ጓሮ ወጡና ደፉት። ከዚያ ቧንቧው ሥር ጎንበስ ብለው ኩባያውን ያጥቡት ጀመር። ኩባያው ጸድቷል ብላቸውም ውሃውን አልዘጉም።